መርዶ ይዘን ወደ ላንሲ

ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ቢሆን ነው። ልዩነቱ፣ በዚህኛው መንገድ ላይ አህያ አያቋርጥም፤ ሎሚ የሚሸጥ ልጅ መስኮት አያንኳኳም፤ ሾፌሩም የት እንደተቀመጠ አይታወቅም። በዚች አገር ይህን ያህል ዘመን ስኖር ጄኔቫን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለቱም ለበዓል ነው፣ ሁለቱም በዝናብ። ባለፈው ሰሞን ግን ሰው ለማስለቀስ ሄድኩ። ተመልሼ ይህን ስጽፍ እንኳ ሳቁ እየቀደመኝ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ላንግሽትራሰ በሚባለው የዙሪክ ሰፈር፣ ከአንድ የአፍሪካ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ በላይ፣ እትዬ ብርነሽ የሚባሉ ሰማንያ ያለፋቸው ሴት ይኖራሉ። ብዙ ዘመን በልብስ ማጠቢያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የጽዋ ማኅበራችን ታላቅ ናቸው። አባታቸው ጎንደሬ ነበሩ። በጣሊያን ጊዜ ሥራ ፍለጋ ምጽዋ ወርደው፣ በአንዲት መርከብ ሆድ ውስጥ ድንጋይ ከሰል ለምድጃ የሚያጎርሱ እሳት አንዳጅ ሆኑ።

መርከቢቱ የቅኝ ግዛቱን ባሕር የምትጠብቅ ነበረች። ጨውና ጠመንጃ በስውር የሚያሻግሩ ጀልባዎችን በዳህላክ ደሴቶች መካከል ስታሳድድ ትውላለች፤ ባሕር ላይ የወጣች የኬላ ዘበኛ በሏት። ጣሊያኖቹ ያወጡላት ትልቅ ስም ነበራት፤ የምጽዋ ሰው ግን ስለ ጭሷ ብዛት «ጢሶ» ነበር የሚላት። ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት መድፍ ጫኑባትና ግራጫ ቀቧት፣ ከዛሬ ጀምሮ የጦር መርከብ ነሽ አሏት። ትናንት የጨው ሌባ ስታባርር የነበረችው፣ ዛሬ ከእንግሊዝ ጋር ልትዋጋ! ከዚያ አንድ ቀን ከወደቡ ወጥታ ሄደች። የእትዬ ብርነሽ አባትም በሆዷ ውስጥ ሆነው አብረው ሄዱ። እትዬ ብርነሽ ያኔ ገና ክርስትና ያልተነሡ ሕፃን ነበሩ።

ጢሶ አልተመለሰችም። ወሬም አልመጣም። ሰው ግን ዝም አይልምና «ህንድ አገር ሚስት አግብቷል» አሉ፤ «ጥሏት ሄደ» አሉ። እናትየው «ይመጣል» እንዳሉ ሞቱ። መርዶው ላልመጣ ሰው ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ስለዚህ አልተለቀሰላቸውም። ፍትሐትም አልተደረገላቸውም። የዙሪኩ አባታችን አባ ወልደ ሚካኤል፣ እትዬ ብርነሽ በጠየቋቸው ቁጥር «እመቤቴ፣ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አላደርግም፤ ማረፋቸውን የሚነግረኝ አንድ ሰው ያምጡልኝ» ይሏቸዋል። አባትየው ዛሬ ቢኖሩ መቶ አሥር ዓመት ያልፋቸዋል። ቢሆንም፣ አረፉ ያለን ሰው የለም።

ላንሲ፣ ጄኔቫ አጠገብ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ሶስና የምትባል እህት አለችን። እሷ ናት ደውላ «አስካለ፣ እዚህ ሰፈር አባታቸው በጢሶ ላይ መካኒክ የነበሩ ጣሊያናዊ ሽማግሌ አሉ፤ ስልክሽን ልስጣቸው?» ያለችኝ። ስጫቸው አልኳት። ሽማግሌው፣ ሙሴ ሬናቶ፣ በማግስቱ ደወሉ። በተሰባበረ ጀርመንኛ «ስለ አሮጊቷ አባት የምነግራችሁ ነገር አለኝ። በስልክ አይሆንም። ይዘሻቸው ነይ» አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። «በስልክ አይሆንም፣ ነይ» ሲባል የአገሬ ሰው የሚገባው ምንድን ነው? አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ «ነፍስ ይማር» አልኩ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይጠየቃል እንዴ!

ዓርብ

መርዶ ሥርዓት አለው። ማታ አብልተው አስተኝተው፣ ንጋት ላይ ነው የሚነግሩት። የሚይዙ፣ የሚደግፉ ሰዎች መኖር አለባቸው። ንፍሮው ቀድሞ ይቀቀላል፤ ጥቁር ልብሱ ይዘጋጃል። እኔ ደግሞ ሥርዓት ሲጓደል አልወድም። ስለዚህ ሐሙስ ማታ ኦርሊኮን ባለችው ቤቴ ስንዴና ሽምብራ ቀቅዬ በፕላስቲክ ዕቃ ከደንኩ፣ ለእትዬም ለእኔም ጥቁር ቀሚስ በሻንጣዬ ውስጥ ከሥር ደበቅኩ። ለሶስናም ደውዬ «ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሴቶቹን ይዘሽ ሰውዬው ቤት ድረሺ» አልኳት።

ለእትዬ ብርነሽ ምን እንበላቸው? ውሸት አልናገርም። ስለዚህ በጋሽ ታደሰ አስነገርኩ። ጋሽ ታደሰ የትራም ጋራዥ ጡረተኛ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከጣሊያን ግንበኞች ጋር ሲሠሩ ጣሊያንኛ ተምረዋል፤ ለአስተርጓሚነት ነው የያዝኳቸው። «እትዬ፣ ጄኔቫ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ጋ እናድርና ሐይቁ ላይ ወደ ሰማይ የሚረጨውን ውሃ እናሳይዎት» አሏቸው። እትዬ ብርነሽም ጥቂት አሰቡና «የውሃ መረጨት ዓይቼ አላውቅም መሰለህ?» ብለው ነጠላቸውን አነሡ።

ባቡሩ እንደኛ አገር አውቶቡስ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም። በደቂቃው ነው የሚነሣው። ጋሽ ታደሰ በርን ከተማ ላይ ዳቦ ልግዛ ብለው ወርደው በሩ ሊዘጋባቸው ሲል አንድ ወታደር በክንዳቸው ጎትቶ አስገባቸው። እትዬ ብርነሽ «ዳቦውስ?» አሉ። ዳቦው መድረኩ ላይ ቀርቷል። ጋሽ ታደሰ ርቧቸው ስለ ነበር፣ እኔ መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስ ሻንጣዬን ከፍተው ንፍሮውን በእፍኛቸው ይቅማሉ!

«ጋሽ ታደሰ!» አልኩ፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ።

እትዬ ብርነሽ ንፍሮውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ዓርብ አይደል፣ ለጾሙ ብዬ ነው» አልኩ። ለጾም መሆኑ እውነት ነው፤ ሁሉም ለጾም አልነበረም እንጂ።

«ደግ አደረግሽ፤ ንፍሮ ለመንገድ ጥሩ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮት አዞሩ።

ከፍሪቡርግ ወዲያ ባቡሩ ከዋሻ ሲወጣ ሐይቁ ድንገት ከግርጌያችሁ ይዘረጋል። ቁልቁለቱ ሁሉ የወይን እርከን ነው። አንድ መንደር ሙሉ ሰው ተራራውን ደረጃ አድርጎ የሠራው ይመስላል፤ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ግን ብዙ አይደነቅም። ጋሽ ታደሰ «ይህ ሁሉ ወይን ለነሱ፣ ለእኛ ንፍሮ» ብለው አሳቁኝ። ሳቄ ለራሴ አስደነገጠኝና አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው ይስቃል?

ጄኔቫ ስንደርስ ዙሪክን የለመደ ጆሮዬ አረፈ። ዙሪክ ላይ ሰው ሲያወራ በር የሚሰነጥቅ ይመስለኛል፤ እነዚህኞቹ ግን በፈረንሳይኛቸው ገላጋይ ይመስላሉ። ትራሟ ወደ ላንሲ ስትሄድ አራት ወጣቶች ለእትዬ ብርነሽ ለመነሣት ተሽቀዳደሙ፤ ዙሪክ ላይ አንዱ ይነሣል፣ ሌሎቹ ስልካቸውን ያያሉ። ላንሲ ፎቅ ከፎቅ የተጠጋጋበት፣ ልጆች ከፎቆቹ መካከል ኳስ የሚጠልዙበት ሰፈር ነው። ልብሱ በረንዳ ላይ ቢሰጣ ኖሮ የልደታ ኮንዶሚኒየም ነው እል ነበር።

ሙሴ ሬናቶ በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁን። አጭር፣ ቀይ ፊት፣ ጣታቸው ሁሉ ሙጫ። ባለቤታቸው ማዳም ሉቺያ እትዬ ብርነሽን አቅፈው ሦስት ጊዜ ሳሟቸው፤ እንደኛው። የራሳቸውን መኝታ ክፍል ለእትዬና ለእኔ ለቀቁ፤ አንሶላው ሲታጠፍ የዋለ እስኪመስል ተተኩሷል። እምቢ ብንል «ኖ፣ ኖ» ብለው ትራሱን በጥፊ አለሰለሱልን።

ከዚያ እራት ቀረበ። የጋለ ድስት ሙሉ የቀለጠ አይብ! ዓርብ ማታ! ማዳም ሉቺያ ሹካ ላይ ዳቦ ሰክተው እንዴት እንደሚጠቀስ ሲያሳዩን እኛ ሦስታችን እንደ ተከሳሽ ተደርድረን ተቀመጥን። ጋሽ ታደሰ ድስቱን በስስት እያዩ ስለ ጾማችን አስረዷቸው። ሴትየዋ አልተቀየሙም። ተነሥተው ድንች ፈቅፍቀው በዘይት ጠብሰው፣ ሰላጣ ቆርጠው፣ የታሸገ ባቄላ አሙቀው፣ ሌላ ገበታ አቀረቡ። እናቴ ለማታውቀው እንግዳ እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ሌላ ሰው ሲያደርገው ግን ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ችግሩ ሙሴ ሬናቶ ነበሩ። ወሬው አፋቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ያሳክካቸዋል። ገና ድንቹ ሳይቀመስ ወደ እትዬ ብርነሽ ዞረው በጣሊያንኛ ጀመሩ። ጋሽ ታደሰን በጠረጴዛ ሥር ረገጥኳቸው።

«መንገድ እንዴት ነበር ነው የሚሉት» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ደኅና ነበር በላቸው» አሉ እትዬ ብርነሽ።

ሰውዬው እንደገና ጀመሩ። ማንኪያ ጣልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ ጋሽ ታደሰን «ዛሬ አይሆንም፣ በእኛ ሥርዓት ነገ ንጋት ላይ ነው ይበሏቸው» ብዬ በሹክሹክታ ለመንኩ። እሳቸውም በጣሊያንኛ፣ ምን ብለው እንደሆነ እግዜር ይወቅ፣ ሰውዬውን አሳመኗቸው። ሙሴ ሬናቶ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ አንድ የተዘጋ ክፍል በጣታቸው እየረገጡ ሄደው በሩን ቆለፉት፣ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተው ጠቀሱኝ። ሰው ሞቶ ይህ ሁሉ ጥቅሻ ምንድን ነው? ብዬ ታዘብኳቸው።

እትዬ ብርነሽ አጎንብሰው ድንቻቸውን ይበላሉ። በደንብ ይበሉ፣ አልኩ በልቤ፤ ነገ እህል አይወርድላቸውም።

ቅዳሜ

ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ ጸሎቴን አድርሼ፣ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ወደ ማድቤት ገባሁ። ሙሴ ሬናቶ በሌሊት ልብሳቸው ቡና ያፈላሉ። ጋሽ ታደሰን ከሶፋው ቀስቅሼ አመጣኋቸው። መርዶ ነጋሪ ዝርዝሩን አውቆ ነው መግባት ያለበት።

«ይጠይቁልኝ። እንዴት ነው ያረፉት?»

ጋሽ ታደሰ ጠየቁ። መልሱን ሰምተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማን ነው ያረፈው? ነው የሚሉት።»

«አባትየው ናቸዋ!»

«መሞታቸውን እኔ አላውቅም፤ እናንተ ማን ነገራችሁ? ነው የሚሉት።»

«ታዲያ በስልክ አይሆንም፣ ኑ ያሉን ለምንድን ነው?»

ጋሽ ታደሰ ጠየቁ። ሰሙ። እንደገና ጠየቁ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሳቅ ሞላው።

«በጉን በስልክ ማሳየት ስለማይቻል ነው» አሉኝ።

«የምን በግ?»

በሩ የተደወለው በዚህን ጊዜ ነው። ሶስና ስድስት ሴቶች አስከትላ፣ ሁሉም ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ሁሉም አንገት ደፍተው። አንዷማ ከአሳንሰሩ ሳትወጣ ነው «ወየው» ማለት የጀመረችው። «ዝም በይ! አልሞቱም!» ብዬ ሮጥኩ። «ማ?» አለች ሶስና። «አባትየው!» «እንዴ፣ በሕይወት አሉ?» አለች፤ ከመደንገጧ የተነሣ የያዘችውን ድስት ልትለቀው ነበር። መቶ አሥር ዓመት! ከኋላዋ ያለችው ደግሞ ቶሎ ብላ «እልል!» ልትል አፏን ከፈተች። እሷንም አፈንኳት። የፊት ለፊት ጎረቤት በሯን ገርበብ አድርጋ አንድ ዓይኗን አወጣች። ቅዳሜ ማለዳ በዚች አገር ውሃ እንኳ በዝግታ ነው የሚቀዳው።

ሁላችንም ተገፋፍተን ወደ ሳሎን ስንገባ እትዬ ብርነሽ ተቀምጠዋል። ታጥበው፣ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እኛን ይጠብቃሉ።

«መጣችሁ? እንግዲህ ንገሩኝ» አሉ።

እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «እትዬ፣ የምነግርዎት የለም። ተሳስቼ ነው። ኑ ሲሉኝ ጊዜ መርዶ መስሎኝ…»

«ንፍሮውን ሳይ ነው የገባኝ» አሉ በእርጋታ። «ደግሞ ማታ ይህ ታደሰ በጣሊያንኛ ሲቀባጥር፣ እኔ ልብስ ማጠቢያ ቤት ያን ያህል ዘመን ከማን ጋር የሠራሁ መሰላችሁ? ከጣሊያኖች ጋር ነው እኮ። 'ለኢትዮጵያውያን ዓርብ ዓርብ መርከብ ማየት ኃጢአት ነው' አለልሽ።»

ጋሽ ታደሰ ጣሪያውን አዩ።

«ታዲያ እያወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«ልጄ፣ ሰማንያ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ለአባቴ ንፍሮ ቀቅሎልኝ አያውቅም። ላቋርጥሽ እንዴ?»

ነገሩ ያልገባቸው ሙሴ ሬናቶ ቁልፋቸውን አንሥተው «ነጋ አይደል?» በሚል ዓይን ተቁለጨለጩ። እትዬ ብርነሽ ራሳቸው በጣሊያንኛ «አምጣው» አሏቸው።

ጢሶ ገባች። ከክንድ የምትበልጥ፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ የተሠራች፣ ግራጫ፤ ሙሴ ሬናቶ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አባታቸው ሲያወሩ እንደሰሙት አድርገው የሠሯት። ረጅሙ ጭስ ማውጫ፣ ሁለቱ መድፎች። መድፎቹ እንደሷ ላለች መርከብ ከመጠን በላይ ናቸው፤ ሕፃን የአባቱን ኮፍያ ያደረገ ይመስላል። ከፊተኛው መድፍ ሥር፣ በክር ታስሮ፣ ጣት የማያህል ግራጫ በግ ቆሟል።

ሰውዬው እየተንተባተቡ አወሩ፤ ጋሽ ታደሰ ተረጎሙ፤ ሲያዛቡ እትዬ ብርነሽ ያርሟቸዋል። መርከቢቱ ከምጽዋ የወጣችበት ቀን ለሠራተኞቹ የተነገራቸው እንደ ወትሮው ለጥበቃ ወጥተው ከሦስት ቀን በኋላ እንደሚመለሱ ነው። ያን ዕለት ጠዋት አንድ የደሴት ጀልባ በግ ጭኖ ተጠጋ። ጎንደሬው እሳት አንዳጅ አንድ በግ ገዙ። ሴት ልጅ ተወልዳላቸዋለች፤ ክርስትናዋ ደርሷል። በጉን ቤት አድርሼ ልምጣ ቢሉ አዛዡ ከለከላቸው። «እንግዲያው አብሮኝ ይዘምታል» ብለው መርከቡ ላይ አሰሩት።

ሦስቱ ቀን አለፈ፤ መርከቢቱ ግን ወደ ውቅያኖስ ቀጠለች። አዛዡ የእንግሊዝ መርከብ እንዳያየን ነጭ ነገር ሁሉ ይወገድ ብሎ አዘዘ። በጉ ነጭ ነበር። ወጥ ቤቱ ቢላውን ይዞ መጣ። ጎንደሬው የከሰል አካፋቸውን ይዘው ቆሙ። «ይህ በግ የልጄ ነው» አሉ። ያስታረቃቸው መካኒኩ፣ የሙሴ ሬናቶ አባት ነው፤ ከመርከቢቱ የተረፈውን ቀለም አምጥቶ በጉን ግራጫ ቀባው።

«ግራጫ!» አለች ሶስና።

«ከጅራቱ እስከ ጆሮው» አሉ ሙሴ ሬናቶ። አባታቸው ይህን ታሪክ በየገናው ያወሩ ነበር፤ ልጆቹ ቀልድ ነው እያሉ ይስቁ ነበር። መርከቢቱ ወደ ምሥራቅ ርቃ ከሄደች በኋላ ጎንደሬውን ንዳድ ያዛቸውና በአንድ ወደብ አወረዷቸው። ሲወርዱ የበጉን ገመድ ለመካኒኩ ሰጥተው «አደራ፣ ከመለሱኝ እወስደዋለሁ፤ የልጄ ክርስትና አልቀረም» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አያውቅም። በጉን ግን ማንም አልበላውም። ቀለሙ እየወለቀ ከመርከበኞቹ ጋር ሰነበተ፤ በመጨረሻም መካኒኩ ልጆች ላሉት አንድ ዓሣ አጥማጅ ሰጠው።

እትዬ ብርነሽ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው በጉን አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልንይዛቸው ተነሣን። ሲስቁ ነው! «ግራጫ በግ!» ይላሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ «የጦር መርከብ ላይ! በአካፋ!» እኛም ተከተልን። በጥቁር ልብስ፣ በተዘቀዘቀ ነጠላ፣ ስምንት ሴቶች እየተደጋገፍን ሳቅን። ማዳም ሉቺያ ስንስቅ ሲያዩን ሳቁ፤ ምን እንዳሳቀን ኋላ ነው የተነገራቸው።

እትዬ ብርነሽ ድንገት አቆሙ።

«ጥሎ የሚሄድ ሰው የክርስትና በግ አይገዛም» አሉ። «እናቴ ይህን ሳትሰማ…» ቃሉን አልጨረሱትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በይ አስካለ፣ የመጣሽበትን ጨርሺ።»

«ምኑን እትዬ?»

«ንገሪኝ።»

እኔ ያላየሁትን ዓይቻለሁ፣ ያልሰማሁትን ሰምቻለሁ የምል ሰው አይደለሁም፤ አንደበቴን እፈራለሁ። «እትዬ፣ የማላውቀውን እንዴት ብዬ? ይኸው ሰውዬውም አላወቁም።»

«አባቴ ዛሬ ስንት ዓመታቸው ነው?»

«መቶ አሥር ያልፋቸዋል።»

«ታዲያ የቱን ነው የማታውቂው?»

ሶስናን አየኋት፤ አንገቷን ደፋች። ጋሽ ታደሰ ለአንድ ጊዜ እንኳ ቀልድ አጡ። የሚይዙ ሰዎች አሉ። ንፍሮው አለ። ነግቷል። ማታም በልተው ነው የተኙት። ሥርዓቱ አንድም የጎደለው የለ፤ የቀረው የእኔ አፍ ብቻ ነው። አማተብኩና ሁለቱን እጃቸውን ያዝኩ።

«እትዬ ብርነሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አባትዎ አርፈዋል።»

ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ከአሮጊት ሰው ሰምቼ አላውቅም። «አባባ!» አሉ። የሕፃን ድምፅ ነው። ከዚያ ሴቶቹ ተቀበሉ፤ ከላንሲ እስከ ሐይቁ የተሰማ ይመስለኛል።

ጎረቤቷ ወዲያው በሩን ደወለች፤ ጫማዋን አንድ እግር ብቻ አድርጋ። ማዳም ሉቺያ «የእመቤቷ አባት ሞተው ነው» አሏት። ሴትየዋ ቀይ ሆና «ውይ! መቼ?» አለች። «በጦርነቱ ጊዜ።» «በየትኛው?» ማዳም ሉቺያ ሲነግሯት አፏን ይዛ ሄደች። ልትከስሰን ነው ብለን ስንፈራ፣ ረፋዱ ላይ ትኩስ የፖም ኬክ ይዛ፣ ሁለቱንም ጫማዋን አድርጋ መጣች። እትዬ ብርነሽ አጠገብ ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች። አገር ቤት ጎረቤት እንጀራ በመሶብ ይዞ ይመጣል፤ እዚህ ኬክ በቆርቆሮ። ልቅሶ መድረስ ማንም ሳያስተምራት ከየት እንዳመጣችው አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ሙሴ ሬናቶ ጢሶን ኩሬ ወስደው ሊያንሳፍፉልን ፈልገው ነበር። ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም አልናቸው። ጥቂት ተክዘው ገላ መታጠቢያውን በውሃ ሞሉት። ይኸው፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ካለ በኋላ ተሰልፎ ወደ መታጠቢያ ቤት ይገባል፤ ጢሶ ከግድግዳ ግድግዳ ስትዞር ያያል፤ ዓይኑን ጠርጎ ይወጣል። እትዬ ብርነሽ ወንበር አስገብተው ከመታጠቢያው ጫፍ ተቀመጡ። ሙሴ ሬናቶ መቆጣጠሪያውን ሰጧቸው። ሦስት ጊዜ ከሻምፖ ጠርሙስ ጋር አጋጯት። «አሁን ገና ጦርነት ገባች» አሉ ጋሽ ታደሰ ከበሩ።

እሑድ

የጄኔቫን ውሃ አላየንም። ወደ ባቡር ጣቢያ ስንሄድ አንገታችንን ብናስግ ሰማዩ ባዶ ነው፤ ነፋስ ሲበረታ ያጠፉታል አለችን ሶስና። እትዬ ብርነሽ «ብያችሁ ነበር፤ የውሃ መረጨት ምን ያደርግልኛል» አሉ። ስለዚህ ለጄኔቫ አንባቢዎቼ ይቅርታ፤ ስለ ከተማችሁ የማውቀው አንድ ሳሎንና አንድ መታጠቢያ ቤት ነው። ሁለቱም እጅግ ያማሩ ናቸው።

ማዳም ሉቺያ ለመንገድ የሰጡን ስንቅ ከሻንጣዬ ከበደ። ጋሽ ታደሰ በርን ላይ አልወረዱም። በባቡሩ ውስጥ እትዬ ብርነሽን ጥቁር ለብሰው ሲያዩ ሰዎች ቦታ ለቀቁ፤ አንዲት ወጣት መሐረብ ሰጠቻቸው። እሳቸው ግን ፊታቸው እንደ ታጠበ ግቢ ነበር። ትንሽ ያንቀላፋሉ፤ ይነቃሉ፤ «በአካፋ» ብለው ይስቃሉ፤ ያለቅሳሉ፤ መልሰው ያንቀላፋሉ። እኔ ግን ጭንቀት ይዞኛል። አባ ወልደ ሚካኤል ምን ይሉኛል? ያላየሁትን ሞት አርድቻለሁ። ሎዛን ላይ ጀምሬ እስከ ዙሪክ የንስሐ ጸሎቴን ደጋገምኩ።

ላንግሽትራሰ ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ ከታች ያለው ሱቅ ወንበር አውሷል። ከመጠጥ ቤቶቹ የሚመጣው ሙዚቃ እየደበደበ፣ ጎን ለጎን ሰው ነጠላ አዘቅዝቆ ተቀምጧል። አባ ወልደ ሚካኤል ከሶፋው ተነሥተው እትዬ ብርነሽን ባረኩ፤ መስቀላቸውን አሳለሙ። ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

«እመቤቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማነው የነገረዎት?»

«አስካለ ናት» አሉ እትዬ ብርነሽ።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። ለብዙ ዓመት ንስሐዬን የሚሰሙኝ አባት ናቸው፤ አንደበቴን ምን ያህል እንደምጠብቅ ያውቃሉ። የማርያም ስዕል ሥር ቆሜ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

«አንቺ ነሽ ያረዳሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«አረፉ ብለሽ፣ በአፍሽ?»

«በአፌ።»

አባ ጢማቸውን ዳበሱ። ከታች ያለው ሙዚቃ ይመታል። አባ ወደ እትዬ ብርነሽ ተመለሱ። «መቼ ነው ያረፉት?»

አሁን አለቀልኝ አልኩ። የማን አገር ወደብ፣ የትኛው ዓመት፣ የንዳዱ ስንተኛ ቀን ብዬ ልናገር ነው?

እትዬ ብርነሽ ግን አላመነቱም።

«ትናንት ጠዋት፣ አባ» አሉ። «ላንሲ ላይ።»

አባ ወልደ ሚካኤል እኔን አዩኝ፣ እሳቸውን አዩዋቸው፣ ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ ከትናንት ነው የጀመሩት። «እንግዲያው ፍትሐቱን ዛሬውኑ እናድርስ» አሉ፣ መጽሐፋቸውን ከቦርሳቸው እያወጡ። «ለአርባው ደግሞ ጊዜ አለን። የክርስትና ስማቸውን ንገሩኝ።»